በሁዳዴ የገባው ሸለምጥማጥ

ቡሬ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ በጾም ቀን ቅቤ የቀመሰ ሰው የሚፈራው የነፍስ አባቱን አልነበረም፤ ታንጉትን ነበር። የነፍስ አባት ስግደት ያዛል፤ ስግደቱም በጓዳ ተሰግዶ ያልቃል፣ ማንም አያይም። ታንጉት ግን ስም ታወጣለች። የታንጉት ስም እንደምትሸጠው በርበሬ ነው፤ አንዴ ከነካ ታጥቦም አይለቅም።

ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ነግዳለች። ዛላውን ከገበሬ እጅ ትረከባለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ደልዛ ታደርቃለች፣ አስፈጭታ ለቡሬም ለፍኖተ ሰላምም ሰው ትሸጣለች። ይህን ያህል ዘመን በብናኝ የተገረፈ አፍንጫ መደንዘዝ ነበረበት፤ የእሷ ግን ጭራሽ ተስሎ ቁጭ አለ። ረቡዕና ዓርብ በሰው አጥር ሥር ስታልፍ ቆም ትልና አየር ትስባለች። "የነእገሌ ወጥ ዛሬ በዘይት የተሠራ አይዶል" ካለች ነገሩ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ክፉ ሴት ግን አልነበረችም። የታመመ ትጠይቃለች፣ ለቅሶ ቀድማ ትደርሳለች፣ በርበሬ ላለቀበት ቤት ሳትጠየቅ ሰፍራ ትልካለች። ብቻ ጾሟ ሀብቷ ነበር። ባሏ ባምላኩ መሬት አለው፤ ልጇ ያምሮት አዲስ አበባ ሥራ አላት። እሷ የራሴ ነው የምትለው "ታንጉት እኮ ጾም አታፈርስም" የሚለውን የአገሩን ቃል ነበር። ያን ቃል የነካባት ሰው ዓይኗን የነካ ያህል ነው።

እንቁን "ጥጃ" ያሰኘቻትም እሷ ናት። እንቁ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ አብራት ያደገች ጓደኛዋ ናት። አንድ ፍልሰታ ላይ ጨጓራዋ ተነስቶባት ሐኪም ወተት ጠጪ አላት፣ ጠጣች። አፏን ሳትጠርግ ብቅ ብትል ታንጉት ከከንፈሯ ጠርዝ ነጩን አየችው። "እንቁዬ፣ እናትሽ ተመስክ ገባች እንዴ?" አለቻት በሰው ፊት። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ እንቁ ጥጃ ሆና ቀረች፤ ልጆቿም የጥጃ ልጆች። እንቁ ከሰው ጋር አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ወተት ግን ዳግመኛ በጾም አፏ አልገባም፤ ጨጓራዋ እያቃጠላት ፍልሰታውንም ሁዳዴውንም በውኃ ትገፋዋለች። ይህን ታንጉት ታውቃለች። ማወቋን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘችው። ያምሮት አዲስ አበባ ወሰደቻት፤ ሐኪሞቹ ዕጢውን ቆርጠው አወጡና ቀሪውን በኬሞ እናባርረዋለን አሏት። ኬሞው ፀጉሯን አራገፈው። "ሻሽ ለምን ተፈጠረ?" አለች። ያቅለሸልሻል፣ ያቃጥላል ብለው ሲያስጠነቅቋት ደግሞ "የበርበሬ ነጋዴን በሚያቃጥል ነገር ታስፈራሩ?" አለቻቸው።

ሁለተኛውን መድኃኒት ተቀብላ ወደ ሦስተኛው ስትመለስ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ዶክተር ናሁሰናይ፣ ትሑት ወጣት ሐኪም፣ የደም ምርመራዋን አይቶ ግንባሩን አሸ።

"በሽታ የሚከላከሉት ነጮቹ ሴሎች በጣም ወርደዋል። ቀዩም ቀንሷል። በዚህ ላይ መድኃኒቱን ብሰጥዎ ተራ ጉንፋን ይጥልዎታል። ለመሆኑ ምን ይበላሉ?"

"የጾም።"

"የጾም ምን?"

"ሽሮ። ጎመን። ተዘጠኝ ሰዓት ወዲያ።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "መድኃኒቱን አንድ ሳምንት እናዘገየዋለን። በዚህ መሀል እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ሁሉንም በደንብ አብስለው ይብሉ። ሰውነትዎ ደም የሚሠራበት ነገር ይፈልጋል። መልሰው ባዶ ከመጡ እንደገና ላዘገየው ነው፤ ስናዘገይ ደግሞ በሽታው አያዘገይም።"

"ዶክተር፣ የኔ ልጅ፣ ሁዳዴ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ እናቴ። እኔም እየጾምኩ ነው።"

ያምሮት እዚህ ላይ መላ አመጣች። ከመድኃኒት መሸጫ አንድ ቆርቆሮ ገዝታ መጣች፤ ውስጡ ጥቁር ወደማለት የቀረበ አረንጓዴ ዱቄት አለበት። ስፒሩሊና ይባላል አለች፤ ውኃ ላይ የሚበቅል ዋቅላሚ ነው፤ ደም ይሞላል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ያነሣል፤ ሻጩማ ካንሰሩንም ይበትነዋል ብሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ "እማዬ፣ የጾም ነው!"

ታንጉት ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። "ይሄማ ኩሬ ላይ የሚሰፍረው አረንጓዴ ነው። ላሞች እንኳ ገፋ አድርገው ነው ውኃውን የሚጠጡ።"

ሐኪሙን ጠየቁት። "ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ" አለ። "ነጭ ሴሎቹ ብዙ እንዳይወርዱ ሳያግዝ አይቀርም ያሉ አሉ። ገና እርግጥ የሆነ ነገር የለም። ካንሰር ይበትናል ያለው ሰው ግን ቆርቆሮ ሊሸጥ ነው። ከወሰዱ ንገሩኝ፤ የመድኃኒቱም የምግቡም ምትክ ግን አይደለም።" ያምሮት ከዚህ ሁሉ "ያግዛል" የሚለውን ብቻ ሰማች። ታንጉት "ምግብ" የሚለውን ሰማችና እንቅልፍ አጣች።

ቡሬ እንደተመለሰች ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። ቄስ ወልደ ሥላሴ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ ሳቅ ሲመጣባቸው አፋቸውን በመስቀላቸው የሚከልሉ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ታዲያ ብይ" አሏት።

"አባቴ!"

"ሕመምተኛ ጾም አይገደድም። ሥርዓቱ ነው፤ እኔ አልፈጠርሁት።"

"እሱ ለሰው ነው። እኔ ታንጉት ነኝ እኮ።"

"አንቺም ሰው ነሽ፤ እስተዛሬ የነገረሽ ባይኖርም።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"አየሽ፣ እግዚአብሔር ምን ይለኛል አላልሽም" አሉና መስቀላቸውን ወደ ግንባሯ አነሡ። "ታንጉት፣ በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ። ሕክምናሽ እስቲያልቅ እንቁላል ሳትበይ እንዳትውዪ።"

ታንጉት በዕድሜዋ ብዙ ግዝት ሰምታለች። ሰው እንዳይጠጣ ይገዘታል፣ እንዳይጣላ ይገዘታል። ብላ ተብሎ የተገዘተ ሰው ግን አይታም ሰምታም አታውቅም። መስቀሉን ተሳልማ ተነሣችና በሩ ላይ ዞር አለች። "በንስሐ የነገርሁዎ ነውና፣ አደራ፣ ተእርስዎ አፍ እንዳይወጣ።"

"እኔ ምን አፍ አለኝ" አሉ ቄሱ።

በማግስቱ፣ ከእንቁላሉ ለማምለጥ የመጨረሻ ሙከራ አድርጋ፣ አረንጓዴውን ዱቄት በብርጭቆ ውኃ በጥብጣ አፏ ላይ አደረሰችው። ኬሞው ያገላበጠው ሆዷ ሽታውን ገና ከሩቅ አልቀበልም አለ። ጓሮ ወጥታ የዶሮዎቹ ፉርሽካ ላይ ደፋችው። ዶሮዎቹ ተሯሩጠው መጡ፤ ገብስማዪቱማ ሌሎቹን እየነቆረች ለብቻዋ ልትጨርሰው ነበር። ታንጉት ቆማ አየቻቸው። የልጇ ስጦታ መሬት ከሚወድቅ የሚበላው አገኘ።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተደላደለ። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ዱቄት ለዶሮዎቹ። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ ታንጉት ቀድማ ትለቅማለች። በማንቆርቆሪያ ትቀቅላለች፤ ማንቆርቆሪያ የሚፈላበትን ቤት ማን ይጠረጥራል። ከዚያ ጓዳ ገብታ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትበላለች። የመጀመሪያ ሰሞን እንባዋ እየወረደ ነበር። በኋላ በኋላ ጨው ይዛ መግባት ጀመረች። ቅርፊቱን ሰልቃ ለዶሮዎቹ ትመልሰዋለች።

ያምሮት በየቀኑ ትደውላለች። "እማዬ፣ ዱቄቱን እየወሰድሽ ነው?"

ታንጉት በጾም አትዋሽም። "ዛሬም አንድ ማንኪያ ጎድሏል፣ የኔ ዓለም" ትላለች።

ነገሩን ያወሳሰበው ባምላኩ ነበር። ባምላኩ በሁዳዴ የተጣለ እንቁላል ሁሉ ለፋሲካ እንደሚጠራቀም ያውቃል፤ ዶሮዎቹ ማስካካታቸውን ይሰማል፣ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ሲዳብስ ግን ገለባ ብቻ። ሁለት ቀን አሰበበትና ፍርዱን ሰጠ። "ሸለምጥማጥ ገብቶብናል።"

"አይ፣ እሱስ ሳይገባ አይቀርም" አለች ታንጉት።

ባምላኩ ቀዳዳውን ሁሉ በእሾህ ደፈነ። ስርቆቱ ግን አልቀረም። ዱላውን ይዞ ከጎጆው ፊት ለፊት ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠ፤ ታንጉት በጥበቃው ደክሞሃል ብላ ጠላ ይዛለት መጣች፣ እግረ መንገዷንም ለዶሮዎቹ እህል በተንሁ ብላ ገብታ ወጣች። ምሽት ላይ ባምላኩ ገለባውን ቢዳብስ ምንም የለም። "ቅርፊት እንኳ አይተው!" አለ፤ ድምፁ ውስጥ አድናቆትም ነበረበት። "ተዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሸለምጥማጥ አላጋጠመኝም።" ታንጉት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ሳምንቱ ሲሞላ አዲስ አበባ ተመለሰች። ደሟ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ናሁሰናይ ፈገግ አለ፤ ነጮቹም ቀዮቹም ወደ ላይ ብለው ነበር፤ መድኃኒቱን መውሰድ ትችላለች። ያምሮት እጇን አጨበጨበች። "ዱቄቱ ሠራ!"

"ያምሮት፣ ውኃ ጠማኝ፤ እስቲ ግዥልኝ" አለች ታንጉት። ልጅቷ ስትወጣ ወደ ሐኪሙ ጎንበስ ብላ ጉዳዩን ከዶሮ እስከ ማንቆርቆሪያ ነገረችው። ሐኪሙ እስኪያስለው ሳቀ።

"ታዲያ ዱቄቱን በዶሮ በኩል ወሰዱት ማለት ነው እኮ!"

"ሠራ የሚባለውስ የቱ ነው፣ ልጄ?"

"እውነቱን ልንገርዎ? ለይቼ አላውቀውም። ሳምንቱን ሰውነትዎ ዐርፏል፣ ትልቁ እሱ ነው። ምግቡ አግዟል። የዱቄቱን እኔም እንደርስዎ አላውቅም። የማውቀው፣ ዕጢውን ያወጣው ቢላዋ ነው፤ ዳግም እንዳይመለስ የሚከላከልልዎም ይሄ መርፌ ነው። ከነዚህ የሚያስቀርዎትን ማንኛውንም ነገር አይስሙ።"

ወሬው ግን ከአውቶቡሱ ቀድሞ ቡሬ ገባ፤ ያምሮት በስልክ ያላዳረሰችው ዘመድ አልነበረም። ታንጉት ስትወርድ ሰፈሩ በሩ ላይ ጠበቃት። ደሟ አልቆ የነበረ ሴት፣ ፀጉሯ እንኳ ያልበቀለ፣ በሁዳዴ፣ ሽሮ እየበላች! "ዱቄቱ ነው አይደል?" ይሏታል። "እግዚአብሔር ነው" ትላለች በፈገግታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። ሐሰት አልተናገረችም፤ እውነትም አልወጣትም። ደግሞ ደስ ብሏት ነበር፤ ጾሟም ነፍሷም አብረው የዳኑላት ሴት ሆና መታየት ይጣፍጣል።

የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ አገሬ ነገሩን በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ምርጥ ተሞክሮ ብላ አቀረበችው። "ተቀምሮ መስፋፋት አለበት" አለች። ከወፍጮ ቤቱ በታች አንድ የቆመ ውኃ አለ፤ የወባ ዘመቻ በመጣ ቁጥር አድርቁት የሚባል፣ ሰፈሩም ነገ እያለ የሚያሳድረው። አሁን ያ ኩሬ ተከበረ። አረንጓዴው እንዳይነካ ከብት ተከለከለ፤ አንዱ ደፋር ቀድቶ ጠጣና ሦስት ቀን ከጓሮ አልተመለሰም። ታንጉት ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ጎኗ እስኪወጋት ሳቀች። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቁ ጓዳ ድረስ መጣች፣ ከበስተጀርባዋ በሩን ዘጋች። የታንጉትን እጅ ይዛ ቀሚሷ ውስጥ፣ ግራ ጡቷ ላይ አስቀመጠችው። የታንጉት እጅ ወዲያው አወቀው። በርበሬ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

"ሐኪም አይቶሻል?"

"ፍኖተ ሰላም አይተውኛል። አዲስ አበባ ሂጂና ይቆረጥ ብለው ልከውኛል፤ ቀጠሮው ለመጪው ሳምንት ነው። አልሄድም።" እንቁ ጆንያው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። "ቢላዋው አስፈራኝ፣ ታንጉት። ያን ዱቄት ስጭኝ።"

"ዱቄቱ አልቋል።"

"ለያምሮት ደውያለሁ፤ ትልክልኛለች።"

"እኔን እኮ ያቆየኝ ቢላዋውና መርፌው ነው!"

"መርፌውማ ደምሽን ጨርሶት ነበር። የመለሰሽ ዱቄቱ ነው፤ አገር ያወቀውን እኔን ትደብቂኛለሽ?"

ታንጉት ትንፋሿን ሳበች። "ዱቄቱን የበሉት ዶሮዎቹ ናቸው። እኔ እንቁላል በላሁ።"

"መቼ?"

"ይኸው አሁን። በሁዳዴ።"

እንቁ ዓይን ዓይኗን አየቻትና ሳቀች፤ እባጩን ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ሳይሆን አይቀርም። "ታንጉትና እንቁላል! በሁዳዴ! ኧረ ሌላ ፈልጊ!" ሳቁ ግን ቶሎ ከፊቷ ጠፋ። "ለአንድ ማንኪያ ዱቄት ብለሽ በጾም ትዋሽኛለሽ? እንዲህ ምቀኛ ሁነሻል?" ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ታንጉት ፈራች። ሕመሟን እንዲህ አልፈራችውም ነበር። ዕድሜ ልኳን የገነባችው ስም አሁን እውነቷን የማያሳልፍ ግንብ ሆኖ ፊቷ ቆመ፤ ከግንቡ ወዲያ ደግሞ እንቁ ልትሞት ነው። ያንን ወተት እንቁን ያስጣላትም ይኸው ስም መሆኑን በዚያች ሰዓት ለራሷ መንገር ግድ ሆነባት።

ወደ ቄስ ወልደ ሥላሴ ሮጠች። "ይመስክሩልኝ! መብላቴን ይንገሯት!"

"በንስሐ የሰማሁትን?"

"እኔ ፈቅጃለሁ።"

"ተፈቀድሽ ራስሽ ንገሪያት።"

"ነገርኋት፤ አላመነችኝም።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። "ጆሮ ያላመነውን ዓይን ያምነዋል" አሉና ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ።

የመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የእንቁ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ስልጆው፣ ተልባው፣ ሽሮው ቀረበ፤ ጠላው ተቀዳ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ባረኩ። ባምላኩም አገሬም አሉ። ታንጉት ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች፤ እህል አልነካችም። እንቁ ማስተናገዷን ስትጨርስ መሀል ቤት ቆመች።

"ማኅበርተኞች፣ እኔንም እንደ ታንጉት አሞኛል" አለች፤ እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ። "ቆርጠን እናውጣ ብለውኛል። እኔ ግን ቀጠሮውን ትቼዋለሁ። እሷን ያነሣት ዱቄት እኔንም ያነሣኛል። ጸልዩልኝ።"

"አሜን!" አለ ቤቱ። አገሬ ወደ ጥጉ ዞረች። "ታንጉት፣ መስክሪላት እንጂ!"

ታንጉት ተነሣች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አወጣች፣ የጠላ ዋንጫዋ ጠርዝ ላይ ቀጭ አደረገችው፣ መላጥ ጀመረች። ሽታው ቤቱን ዞረው። ሁሉም አወቀው፤ የማንም አፍ ግን ሊጠራው አልደፈረም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ታንጉት።

አገሬ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አነሣች።

"እኔ ልንገራችሁ። እንቁላል ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔም ታንጉት ነኝ።" በወረቀት የቋጠረችውን ጨው ፈታች፣ ነሰነሰች፣ ግማሹን ገመጠች። የምታኝክበት ድምፅ እንኳ ተሰማ። ሁለተኛውንም ግማሽ በላችው። ከዚያ ከንፈሯን ጠርጋ ተናገረች፦ ሐኪሙ ያዘዛትን፣ ነፍስ አባቷ የገዘቷትን፣ ዱቄቱን ማን እንደበላው፣ እሷም ጓዳ ውስጥ በርበሬ ጆንያ ላይ ምን ስትሠራ እንደከረመች። "ዱቄቱ ይጠቅም አይጠቅም እኔ አላውቅም፤ ዶሮዎቹን ጠይቋቸው። ዕጢውን ተእኔ ያወጣው ቢላዋ ነው።"

ባምላኩ ዋንጫውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። "እና" አለ፣ "ያ ሁሉ እሾህ... ሸለምጥማጡ አንቺ ነሽ?"

ቤቱ ፈነዳ። ቄስ ወልደ ሥላሴ አፋቸውን በመስቀል ከለሉ፤ መስቀሉ አልበቃ ብሎ ነጠላቸውን ጨመሩበት። "ታዲያ ምርጥ ተሞክሮውስ?" አለች አገሬ በጭንቀት። "ተሞክሮውማ ይኸው ተቀቀለ" አለቻት ታንጉት። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

እንቁ ብቻ አልሳቀችም። ታንጉት ሄዳ ፊቷ ቆመች፤ ድምፁ ሁሉ ቀስ በቀስ ረገበ። "ሐኪም ያዘዘልሽን ወተት ያስጣልሁሽ እኔ ነኝ" አለች። "ጨጓራሽ ሲያቃጥልሽ እያየሁ ዝም አልሁ። ጥጃ ባልሁበት አፌ ነው ይሄን የበላሁት። አሁን ተሳቁብኝ ይሳቁብኝ፤ ቢላዋውን ግን አላስጥልሽም፣ እንቁ። ብትሞችብኝ ማንን እሰድባለሁ?" እንባዋ ወረደ፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

እንቁ የተላጠውን ቅርፊት ከመሬት ለቀመች። ብዙ ጊዜ በመዳፏ ይዛ አየችው። "ሸለምጥማጥ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ እየቀመሰችው። ከዚያ ጮክ አድርጋ ደገመችው፤ ስሙም በዚያው ወጣ። ታንጉት እስከ ዛሬ ሸለምጥማጥ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ በአጥር ሥር ስታልፍ ሕፃናት "ዶሮ አስገቡ!" ይላሉ።

ቄሱ ሊወጡ ሲነሡ እንቁን በር ላይ አገኟት። "አንቺንም ገዝቼሻለሁ" አሏት፤ በምን እንደገዘቷት ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ ተባለ፤ ግን ብዙ አልቆየም መታወቁ።

የቀጠሮው ሳምንት ሁለቱ ሴቶች በአንድ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ፤ ለእንቁ የቢላዋው፣ ለታንጉት የመርፌው ተራ ነበር። ባምላኩ በመስኮቱ በኩል ትንሽ ሙዳይ አቀበለ። "ለሸለምጥማጧ" አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ግን ከመስኮቱ ሥር አልሄደም።

ከቡሬ ወጥተው የበቆሎው ማሳ ሲጀምር፣ እንቁ ከቦርሳዋ አንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ወተት ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ከኋላ ያሉት ዓይናቸውን ተከሉባት። እንቁ ክዳኑን ከፈተች። ጠጣች፣ ደግማ ጠጣች፣ ጠርሙሱን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ወደ ታንጉት ዞረች፤ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነጩ ቀርቷል።

የታንጉት አፍ ከልማዱ የተነሣ ተከፈተ። እንቁ ጠበቀች። ታንጉት አፏን ዘጋችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ ጠረገችላት።